«ተማሪ አይንካኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ የህክምና ተማሪ አልትራሳውንድ መማር አለበት!

ዛሬ የያዝኩት ምክር ሳይሆን ክርክር ነው። የማይስማማ ካለ ከታች በኮሜንት ይሟገተኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቦ ግን!

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የሰባት ዓመት ልጇን ሆዱን አሞት ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታል ወስዳው ነበር። ሲኒየሩ ሐኪም ከመምጣቱ በፊት ሁለት ተማሪዎች አልትራሳውንድ እየገፉ መጥተው ሆዱን ሲያዩት ቆዩ። «ልጄ መለማመጃ ነው እንዴ?» ብላ ከለከለቻቸው። አሁን የምትጠይቀኝ «ልክ ነኝ አይደለሁም?» ብላ ነው።

እህቴ፣ መከልከል መብትሽ ነው። ልክ ግን አይደለሽም። ለምን እንደምል ከራሴ ታሪክ ልጀምር፤ ለማውራት ደስ የሚል ታሪክ አይደለም።

ከተመረቅኩ ስምንተኛ ወሬ ነበር። የተመደብኩት ከዋና ከተማ ርቆ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። ቅዳሜ ሌሊት ዱቲ ላይ ነኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አንዲት ወጣት ሴት በቃሬዛ አመጡልኝ። ሆዷን አጥብቃ ይዛለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታለች። ባሏ «ጨጓራ አለባት፣ ከሰሞኑ ታይፎይድም ተብላ መድኃኒት ወስዳለች» አለኝ። (የታይፎይዱን ነገር ሌላ ቀን እንመለስበታለን፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።) የወር አበባዋ ከሦስት ሳምንት በፊት መጥቶ እንደነበር ራሷ ነገረችኝ። ያ ጠብ ጠብ ያለ ደም የወር አበባ እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

የደም ግፊቷ 80 በ50፣ የልብ ምቷ 130። ፈሳሽ በሁለቱም እጆቿ ሰጠናት፣ የሽንት የእርግዝና ምርመራ አሰራሁ፤ እርጉዝ ነበረች። ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝና ቱቦውን አፈንድቶ ሆዷ ውስጥ እየደማች ሊሆን እንደሚችል ጠረጠርኩ። ጠረጠርኩ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም። በዚያ ግቢ ውስጥ የድንገተኛ ቀዶ ህክምና መሥራት የሚችል ባለሙያ ነበር፤ ቀስቅሰን አመጣነው። አያትና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «እርግጠኛ ነህ?»

ዝም አልኩ።

አልትራሳውንድ ያልነበረን እንዳይመስላችሁ። ነበረን። ከድንገተኛ ክፍሉ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ እናቶች ክፍል ውስጥ፣ በቁልፍ ተቆልፎበት። ቁልፉ ማሽኑ በስሙ በተመዘገበበት ባለሙያ ኪስ ውስጥ ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ለእረፍት ቤተሰቡ ጋ ሄዷል። በሩን መስበር እንችል ነበር። አልሰበርንም። ብንሰብረውስ ማን ያነበዋል? ያን ሁሉ ዓመት ህክምና ስማር አንድም ቀን ፕሮብ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

ሪፈር ጻፍኩ። አምቡላንሱ የሁለት ሰዓት ተኩሉን መንገድ ጀመረ። ሴትየዋ አልደረሰችም።

ባለሙያ የሆናችሁ አንባቢዎች አሁን ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። «እርጉዝ ሆና ግፊቷ ከወረደ ማሽን ሳትጠብቅ ሆዷን ክፈት ይላል መጽሐፉ» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ይህንን ለመደበቅ አልጽፍም። ነገር ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ የተዘጋጀ ደም በሌለበት፣ ሁለት ወጣት ባለሙያዎች ቆመው «ተሳስተን ብንከፍታትስ?» ብለው ሲተያዩ፣ ያንን ፍርሃት ሊሰብር የሚችለው በዓይን የታየ ነገር ብቻ ነበር። የሚታየው ነገር ደግሞ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ስነግራችሁ ታዝናላችሁ።

በጀርባው የተኛ ሰው ሆድ ውስጥ ደም ሲፈስ መጀመሪያ ከሚጠራቀምባቸው ቦታዎች አንዱ በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይታያሉ። ደም ካለ በመካከላቸው ጥቁር መስመር ይወጣል። ይኸው ነው! ፕሮቡን በቀኝ በኩል የታችኛው የጎድን አጥንት ላይ ማድረግ፣ ጉበቱን ማግኘት፣ ኩላሊቱን ማግኘት፣ መሃሉን ማየት። ዛሬ ይህንን ለተማሪዎች አሳያለሁ። አብዛኞቹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቦታውን ያገኙታል። በደንብ እስኪለዩት ብዙ ታካሚ ማየት ይፈልጋል፣ ቦታውን ለማግኘት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እኔ ያንን ከሰዓት በኋላ የሰጠኝ አስተማሪ አልነበረም።

እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው። አንድ ሐኪም ማዳመጫ መጠቀም ሳይችል አይመረቅም። አልትራሳውንድ መያዝ ሳይችልም መመረቅ የለበትም። ራዲዮሎጂስት ይሁን አላልኩም። ለሕይወት አስጊ የሆኑ ጥቂት ጥያቄዎችን አልጋው አጠገብ ቆሞ «አለ» ወይም «አላየሁም» ብሎ መመለስ ይቻል ነው የምለው። ሆድ ውስጥ ደም አለ? ልብ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል? ሳንባው ዙሪያ ውሃ ወይም መግል አለ? ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ነው? ልቡ ይመታል? እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ተቀምጧል? ሽንቱ ፊኛው ውስጥ ታግዷል?

የመጨረሻዋን የምትንቁ ካላችሁ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንድ ሽማግሌ አባት «ሆዳቸው ውስጥ እጢ አለ» ተብለው ከገጠር ሪፈር ተጽፎላቸው፣ ልጃቸው በሬ ሸጦ፣ ካንሰር ነው ብለው ቤተሰቡ በሙሉ አልቅሶ መጡ። ፕሮብ አስቀመጥን። እጢ የተባለው በሽንት ተወጥሮ እምብርት የደረሰ ፊኛ ነበር፤ ፕሮስቴታቸው አብጦ መውጫውን ዘግቶታል። ቱቦ ሲገባላቸው እጢው በከረጢት ወጣ! ምርቃታቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የበሬው ነገር ግን ያንገበግበኛል። የላካቸው ሐኪም ፊኛ ማየት ቢማር ኖሮ በሬው ዛሬም ያርስ ነበር።

ስለ እንግዴ ልጅም አንድ ነገር ልበል፣ እናቶች ይህንን አስምሩበት። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ደም የፈሰሳት እናት እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ የተቀመጠ ከሆነ በጣት መመርመር ከባድ መድማት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ በጣት ከመመርመሩ በፊት በአልትራሳውንድ ማየት ግድ ነው። እንግዲህ ሌሊት ብቻውን ዱቲ ያለ ወጣት ሐኪም ማየት ካልቻለ ምን ያድርግ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። ጥሩ ምክር ነው። ግን ማን ያያታል?

በአገራችን አሠራር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። እዚያ የምታገኙት ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ትናንት ተማሪ የነበረው ልጅ። ራዲዮሎጂስት የምታገኙት ትልቅ ከተማ ነው። ስለዚህ «አልትራሳውንድ የራዲዮሎጂስት ብቻ ሥራ ነው» የሚል ሰው፣ በሌላ አነጋገር «ገጠር ያለችው እናት አልትራሳውንድ አያስፈልጋትም» እያለ ነው። እንዲህ ብሎ በግልጽ የሚናገር ግን የለም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። አንዳንዶቹ መምህሮቼ ናቸው፤ በአክብሮት ነው የምሟገታቸው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ተማሪው በእጁ መመርመር ይረሳል» የሚል ነው። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ በ1816 ማዳመጫን ሲፈጥርም ጆሮን ደረት ላይ አስደግፎ መስማት ለለመደው ሐኪም እንግዳ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ግን ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያላንጠለጠለ ሐኪም ሐኪም አይመስለንም። እንዲያውም እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ተማሪው የጉበቱን ጠርዝ በእጁ ፈልጎ «እዚህ ጋ ነው» ይላል። ከዚያ ፕሮብ ያስቀምጣል። ተሳስቶ ከሆነ ያኔውኑ ያያል፣ እጁንም ያርማል። እኛ ተማሪ እያለን ልክ መሆናችንን የሚነግረን የሲኒየሩ ፊት ብቻ ነበር፤ ያ ፊት ደግሞ ሁልጊዜ የተኮሳተረ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፣ አከብረዋለሁም፦ «ግማሽ እውቀት ይገድላል።» እውነት ነው። አልትራሳውንድ እንደ ደም ምርመራ ወረቀት አይደለም። ሥዕሉን የሚፈጥረውም የሚያነበውም የያዘው እጅ ነው። ያልሠለጠነ ሰው የሌለ እጢ ያያል፣ ያለ ደም ያልፈዋል። ትንሽ ደም ደግሞ በሠለጠነ ዓይንም ሊታለፍ ይችላል፤ ጥቁሩ መስመር አልታየም ማለት ደም የለም ማለት አይደለም።

ግን እባካችሁ፣ ያለንበትን ሁኔታ እንይ። ተማሪውን ስላላስተማርነው ማሽኑን ሳይነካ የሚኖር ይመስላችኋል? ይነካዋል! ከተመረቀ በኋላ፣ ማንም ሳያየው፣ ከዩቲዩብ አይቶ፣ ወይም የጥቂት ቀን ስልጠና ወስዶ ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በእናንተ ላይ ይለማመዳል። ግማሽ እውቀት የሚባለው ይህ ነው፤ የፈጠርነውም እኛው ነን። እኔ የምለው ልምምዱ ከኋላው አስተማሪ ቆሞ፣ ሥዕሉ ተቀምጦ በራዲዮሎጂስት እየታረመ፣ ስንት ታካሚ እንዳየ እየተቆጠረ ይሁን ነው። ከሁሉም በላይ ተማሪው «አላየሁም» እና «የለም» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይቶ መጠቀም ይማር። ሰው የሚሞተው በእነዚህ ሁለት ቃላት መምታታት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በአደባባይ አይነገርም፣ ሻይ ቤት ነው የሚወራው፤ ገቢ ይነካል የሚል። እዚህ ላይ ብዙ አልልም። የራዲዮሎጂስቱ ሥራ አይቀንስም። ወጣቱ ሐኪም ያጠራጠረውን ሁሉ ወደ እሱ ይልካል፣ ያውም በተሻለ ጥያቄ። አሁን የሚላከው ወረቀት ላይ «ሆድ ይታይ» ከሚል ውጪ ምን አለ?

«ገንዘብ የለም፣ ማሽን የለም» የሚለውን ደግሞ በግማሹ ብቻ ነው የምቀበለው። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ድምፅ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚለማመዱት እርስ በርሳቸው ነው። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ያያል፣ ሦስተኛው ያርማል። ጄልና ትዕግስት ነው ወጪው። ጀርመን ውስጥ በብዙ የህክምና ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ናቸው ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩት። የአሜሪካው ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከ2006 ጀምሮ አልትራሳውንድን በመደበኛ የህክምና ትምህርቱ ውስጥ አስገብቷል፤ ተማሪው አናቶሚ ሲማር ሬሳው ላይ ያየውን ኩላሊት በሕያው ጓደኛው ሆድ ላይም ያየዋል። ከስልክ ጋር የሚሰካ የእጅ ማሽንም በ2017 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቶ ወደ 2,000 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገበያ ላይ ወጥቷል። ለእኛ አሁንም ውድ ነው፣ አልክድም። ግን ለአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ አንድ ማሽን መግዛት የማይችል ትምህርት ቤት ሐኪም አስመርቃለሁ ባይል ይሻለዋል።

እኔን የሚያበግነኝ ያለው ማሽን ነገር ነው። በእርዳታ የመጣ ማሽን ላስቲኩ ሳይነሳ መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ፕሮቡ እንዳይበላሽ ተብሎ በቁልፍ ሲያዝ አይቻለሁ። ንብረቱን የፈረመው ሰው ላይም አልፈርድም፤ ቢሰበር ከደሞዙ ይቆረጣል፤ ሰው ቢሞት ግን ስለ ቁልፉ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ይቆልፋል። እናንተም ብትሆኑ ትቆልፋላችሁ። ይህንን ደንብ ያወጣ ሰው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሌሊት አድሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። የድንገተኛ ክፍል ማሽን ቁልፍ አያስፈልገውም! ማዳመጫ ይቆለፋል? የደም ግፊት መለኪያ ይቆለፋል?

ደግሞም ተማሪ ፈተና ላይ የማይወጣ ነገር አያነብም፤ እኔም አላነብም ነበር። የሙያ ብቃት ምዘናው ላይ አልትራሳውንድ በተግባር እስካልተፈተነ ድረስ ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ መስመር መጨመር ብቻውን ወረቀት ማብዛት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወላጆች። ከእናንተ መካከል ልጁን ህክምና የሚያስተምር አለ። ያ ልጅ ነገ የማን እናት ላይ፣ የማን ልጅ ላይ ይማር? ሁላችንም የሠለጠነ ሐኪም እንፈልጋለን፣ ማንም ግን የሚሠለጥንበት መሆን አይፈልግም። በእርግጥ የእናንተም ቅሬታ ባዶ አይደለም። ሳይጠይቁ መጋረጃ ገልጠው የሚገቡ፣ ስማቸውን የማይናገሩ፣ አስር ሆነው አልጋ የሚከቡ ተማሪዎች አሉ። ይህ ብልግና ነው፤ ጥፋቱም የኛ የአስተማሪዎቹ ነው። ስለዚህ ከኛ የምትጠይቁትን ልንገራችሁ።

ተማሪው ስሙንና ተማሪ መሆኑን ይናገር። ይፈቀድልኝ ብሎ ይጠይቅ። እናንተ «እምቢ» ብትሉ ህክምናችሁ በዚህ ምክንያት አንድ ደቂቃ እንኳ መዘግየት የለበትም። ለተማሪ ልምምድ ክፍያ አይጠየቅም። ተማሪው ያየውን ነገር ለእናንተ ከመንገሩ በፊት ለሲኒየሩ ያሳያል፤ ያልተለመደ ነገር ካየ ግን ዝም ብሎ መሄድ የለበትም፣ ሲኒየሩ መጥቶ ራሱ ማየት አለበት። «ማን ነው የሚያረጋግጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ያኔ እናንተው ከልክሉ፣ እኔም ከእናንተ ጋ ነኝ።

በምላሹ ደግሞ እናንተም አንዳንድ ነገር ተዉልን። አልትራሳውንድ ሁሉን የሚያይ መስታወት አይደለም። የድምፅ ሞገዱ አየርና አጥንት አያሳልፈውም። የጨጓራ ቁስልን ለማየት አይሆንም። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን የራስ ቅሉ ይጋርድበታል። የጨቅላ ሕፃን ግን እርግብግቢቱ ገና ስላልተዘጋ በዚያ በኩል አንጎሉን ማየት ይቻላል፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ላይ የደም መፍሰስ የምንፈልገው በዚህ መንገድ ነው። የሳንባ ምች ይዞት ትኩሳቱ አልወርድ ያለ ልጅም ሳንባው ዙሪያ መግል መቋጠሩን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል፤ መግሉ ካልወጣ መድኃኒቱ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነው ተማሪው እንዲማር የምፈልገው። «ጋዝ አለብኝና አልትራሳውንድ ይዘዝልኝ» የሚለው ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ተማሪውን «ወንድ ነው ሴት?» እያላችሁ አታስጨንቁት። ገና የፅንሱን የልብ ምት ማግኘት እየተማረ ነው፤ ገምቶ ቢነግራችሁና ሮዝ ልብስ ገዝታችሁ ወንድ ቢወለድ ስሙን እያነሳችሁ የምትስቁት በእሱ ነው።

ለጻፍሽልኝ እናት፦ ልጅሽን መልሰሽ ውሰጂው። የሆድ ህመሙ ወደ ቀኝ በታች በኩል ከዞረ፣ ትኩሳት ወይም ትውከት ከጨመረ ወይም ሲራመድ እያነከሰ ከሆነ ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ሂጂ፤ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። እነዚያ ሁለት ተማሪዎች ከመጡ ስማቸውን ጠይቂያቸው፣ አስተማሪያቸው እንዲያረጋግጥ ንገሪያቸው፣ ከዚያ ሆዱን ያዩት።